የፕሮክሲው ባለሥልጣን

በመሥሪያ ቤት ሥልጣን የሚለካው በወንበር ስፋት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ የፕሮክሲውን፣ ማለትም የቢሮው ኮምፒውተሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን አማላጅ ሰርቨር፣ አድራሻ የሚያውቀውን የአይቲ ባለሙያ በቅጡ አላየውም ማለት ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ፊርማቸውን ቢያዘገዩ የሚዘገየው አንድ ደብዳቤ ነው፤ እሱ ምሳ ላይ ከቆየ ግን አዲስ የተገዛው ኮምፒውተር ሳይገናኝ ይውላል፣ ባለጉዳዩም «ሲስተም የለም» ተብሎ ነገ እንዲመለስ ይነገረዋል።

ባለሙያው ሲመጣ ወንበር ይለቀቅለታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ሴቲንግን፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔትን፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ፕሮክሲን ይከፍትና፣ በእጅ የሚሞላው ቦታ ላይ ሲደርስ ትከሻውን ወደ ኪቦርዱ ደፋ ያደርጋል። የሚደብቀው የሰርቨሩን አድራሻና የፖርቱን፣ ማለትም የሰርቨሩን መግቢያ በር፣ ቁጥር ነው። ፖርቱ ብዙውን ጊዜ 8080 ነው፤ ካልሆነም 3128፣ ማለትም ስኩዊድ የተባለው ነጻ የፕሮክሲ ሶፍትዌር ማንም ሳይቀይረው ይዞት የሚመጣው ቁጥር። የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቁጥር እንዲህ ተጠንቅቆ መሸሸግ፣ በእኔ ግምት፣ የደመወዝ እርከን ሊያስጨምር የሚገባ ችሎታ ነው።

ፕሮክሲው የገባበት ምክንያት ደግሞ የተከበረ ነው፤ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ፌስቡክና ዩቲዩብ እንዳይከፍት ነው። ሠራተኛውም ትእዛዙን አክብሮ በኮምፒውተሩ አይከፍትም፤ ቲክቶኩን በስልኩ፣ በገዛ ዳታው ያያል። በፕሮክሲው በኩል እንዲያልፍ የተገደደው ሥራው ብቻ ነው። ለውስጥ አድራሻዎች ፕሮክሲ እንዳይጠቀም የምታዘው ትንሽ ሳጥን ምልክት ሳይደረግባት ከቀረች ደግሞ፣ ከጎን ክፍል ያለው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሲስተም በዙሪያ ጥምጥም ተፈልጎ ሊታጣ ይችላል።

ላፕቶፕ ሲሆን ነገሩ ቤት ድረስ ይከተላል። ዓርብ ማታ ሪፖርት ሊጨርሱ ላፕቶፑን ይዘው የገቡ የክፍል ኃላፊ፣ ዋይፋዩ እየሠራ አንድም ገጽ አይከፈትላቸውም፤ ማሽኑ የቢሮውን ሰርቨር ሳሎን ውስጥ እየፈለገ ነዋ! መስመሩን ይራገማሉ፣ ራውተሩን ነቅለው ይሰካሉ፤ በመጨረሻ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው አንዲት የፕሮክሲ ማብሪያ ያጠፋላቸውና ሁሉም ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲደርሱ ግን ኢንተርኔት የለም። ባለሙያው በማኪያቶ ተለምኖ ይመጣል፣ ስክሪኑን ገና ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ነካብዎት?»

«እኔ እንጃ፣ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ ኃላፊው፣ የልጃቸውን ስም ሳያነሱ።