ዲስክሪት ማትስን ከኮዱ ማን ለየው?

ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ አግኝታችሁ ስለ ዲስክሪት ማትስ፣ ማለትም ተነጣጥለው የሚቆጠሩ ነገሮችን ስለሚያጠናው የሒሳብ ኮርስ፣ ብትጠይቁት መልሱ ብዙ ጊዜ ያው ነው። «አቦ ተወኝ፣ እሱን ቸክዬ ነው ያለፍኩት።» ኮድ የሚጻፍበትን ፓይተን ይወዳል። ጃቫስክሪፕት ይወዳል። ሎጂኩ፣ ስብስቡ፣ ቆጠራውና ግራፉ ግን የሒሳብ ክፍል ሰዎች መንገዱ ላይ የጣሉበት ድንጋይ ይመስለዋል።

በልጁ አልፈርድም። ብዙ ቦታ ትምህርቱ የሚሰጠው እንደዚያ ነው። መምህሩ ትርጓሜ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ የእውነት ሰንጠረዥ (አንድ አባባል መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት እንደሚሆን የሚያሳየውን) ይሞላል፣ አለቀ። በዚያው ሳምንት ያው ተማሪ ሌላ ክፍል ገብቶ «ኢፍ» እና «ኤልስ»፣ ማለትም ኮድ ውስጥ «ይህ ከሆነ» እና «ካልሆነ» የሚባሉትን፣ ይማራል። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን ግን የሚነግረው የለም። እኔ የምለው ኮርሱ ከኮድ ጋር ጎን ለጎን ይሰጥ፣ ምሳሌውም ከዚሁ ከሰፈራችን ይውሰድ ነው።

አንድ ወጣት የዕቃ ማድረሻ አፕ ሊሠራ ተነሳ እንበል። ሞተረኛው ጠዋት ታይዋን ገበያ ይጭንና ከዚራ፣ ሳቢያንና ለገሃሬ ያሉ 10 ሱቆችን ያዳርሳል። የትኛው ሱቅ ይቅደም? መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሁሉንም ቅደም ተከተል ሞክሮ አጭሩን መምረጥ። 10 ሱቆች በ3,628,800 ዓይነት መንገድ ይደረደራሉ። በሰከንድ 1 ሚሊዮን የሚሞክር ኮምፒውተር በአራት ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። አፑ ሠራ፣ ልጁ ደስ አለው።

ደንበኛ በዛና ሱቆቹ 15 ሆኑ። አሁን ያው ኮድ 15 ቀን ይፈጃል። 20 ሲሆኑ ደግሞ ከ77 ሺህ ዓመት በላይ። ሺህ እጥፍ የሚፈጥን ማሽን ቢገዛ እንኳ 77 ዓመት ይጠብቃል። ይህንን ለማወቅ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ማባዛት ይበቃል። ቀድሞ የቆጠረ ልጅ ከመነሻው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል፤ ከሁሉም አጭር ባይሆን እንኳ በቂ አጭር የሆነ መንገድ በፍጥነት የሚሰጠውን።

ወደ ሐረር እንውጣ። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች፣ አንዱንም ሳይደግሙ፣ ሁሉንም በእግር ማዳረስ ይቻላል? የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 ተመሳሳይ ጥያቄ ስለ ኮኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች አንስቶ መልሷል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት መንገድ እንደሚገናኝ ቁጠሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነባቸው ቦታዎች ከሁለት ከበለጡ አይቻልም። የተዘጋ መንገድ ጫፍ ላይ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አንድ ደግሞ ጎዶሎ ነው። ጀጎል ውስጥ ጫፉ የተዘጋ መንገድ ከሁለት እንደሚበልጥ እዚያ ጠፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ስለዚህ አይቻልም። ካርታም ሳንገልጥ፣ አንድ እርምጃም ሳንራመድ አወቅነው።

ቦታውን ነጥብ፣ መንገዱን መስመር አድርጎ ከሚያየው ከዚህ ሥዕል፣ ማለትም ከግራፍ፣ ነው የዛሬው ካርታ አፕም ኔትወርክም የተነሳው። የኮምፒውተር ሊቁ ኤድስገር ዳይክስትራ አጭር መንገድ መፈለጊያ ዘዴውን ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ተቀምጦ ነው። 20 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶበታል፤ ወረቀትና እርሳስ እንኳ አልያዘም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ዳታ ባለቀ ቁጥር ትምህርቱ ለሚቆምበት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስ ፍሬምወርክ (አፕ የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ለመማር ላፕቶፕና ኢንተርኔት ግድ ነው። ለዚህኛው የከዚራ ዛፍ ጥላና ደብተር ይበቃል።

ነገሩ ከውጭ የመጣ የሚመስለው ካለ የዘመን አቆጣጠራችንን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ይመልከት። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፣ 2 ይቀራል። ቀሪው 2 ስለሆነ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879ን ደምረን ለ7 ስናካፍል 3 ይቀራል። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ነው። የ2018 መስከረም 1 የዋለውም ሐሙስ ነው። ፕሮግራመር «ሞዱሎ» የሚለው ይህንኑ ቀሪ ነው። ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ደግሞ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። ቀንን ከፈረንጅ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይር ኮድ ከኢንተርኔት ገልብጦ ጳጉሜን 6 ላይ ለሚደናገጥ ሰው መድኃኒቱ እዚሁ ነበር።

«እኔ ሳልማረው ዌብሳይት እየሠራሁ እበላለሁ» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ፎርም ለመሥራት ኦይለር አያስፈልግም። ግን ዛሬ ያንን ፎርም ኤአይ በደቂቃ ይጽፈዋል። ለሰው የሚቀረው የተጻፈው ልክ መሆኑን ማወቅ ነው። ለምሳሌ የአውቶቡስ ትኬት ቅናሽ ለተማሪ ወይም ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይሰጣል እንበል። ኮዱ «ተማሪ ያልሆነ ወይም ከ60 ያልበለጠ ሙሉ ይክፈል» ይላል። ሲያዩት ልክ ይመስላል። ግን የ20 ዓመቷ ተማሪ ከ60 ስላልበለጠች ሙሉ ትከፍላለች። «ወይም» የተባለው «እና» መሆን ነበረበት። «ወይም» ሲካድ «እና» ይሆናል፤ ይህ የዲ ሞርጋን ሕግ ነው፤ በኮርሱ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሰጣል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል።

ስለዚህ መምህራኑን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ አንዱ ኮድ የሚሠራበት ላብራቶሪ ይሁን። መብራት ከሌለም በወረቀት ይሠራ። ፈተናውም ሰንጠረዥ ከማስሞላት ይልቅ እንደ ትኬቱ ያለ የተበላሸ ኮድ ሰጥቶ «ማን ላይ ይሳሳታል? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ።