ቁልፍ አይጦርም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ስለ አረጋውያን በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የመርሳት ሕመም የእርጅና ወግ ነው፣ በባህላችን ቤተሰብ ስለሚጦር የተለየ አገልግሎት አያሻም፣ የሚጠፋ ካለም በር መቆለፍ ነው ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸውም።

በር መቆለፍ! ግንቦት ላይ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት? እስቲ እሳቸው እዚያ ክፍል ግማሽ ሰዓት ተቆልፈው ይቆዩና ያናግሩን። ዕድሜ ሲገፋ ጥም ቶሎ አይሰማም፤ የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ቢጠማውም ውሃው የት እንዳለ ይጠፋዋል። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ሽንት ይጠቁራል፣ ሆድ ድርቀት ይመጣል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል። ትናንት ልጃቸውን በስም የጠሩ እናት ዛሬ ይቃዣሉ፤ ቤተሰቡ «በሽታው ባሰባቸው» ይላል። አልባሰባቸውም፣ ውሃ አጥሯቸው ነው! በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መቃዠት ሐኪም ቤት ያስኬዳል እንጂ ቁልፍ አያስገዛም። «ይጠጣሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅም አይረባም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አልጠማኝም» ነው። በየሰዓቱ ግማሽ ኩባያ በእጃቸው ማስያዝና አብሮ መጠጣት፣ ሀብሀብና ፓፓያ ቆራርጦ ማቅረብ፣ ሾርባውንም ሆጃውንም መቁጠር ነው፤ ሐኪም ውሃ ካልከለከላቸው በቀን ስድስት ሰባት ኩባያ ይድረስ። ይህን የትኛው ቁልፍ ይሠራል? ውስጥ የከሰል ምድጃ ካለማ ስለ እሳቱ ባላወራ ይሻላል።

ሰው እንደሚጠፋ አልክድም። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ከተማ ደረቁ ወንዝ ውስጥ የሚንከራተት አዛውንት ቢያስፈራው አይፈረድበትም። መላው ግን በሩ ላይ ቃጭል ማንጠልጠል፣ ሽርጣቸው ጫፍ ላይ ስልክ ቁጥር መስፋት፣ ለባለሱቁና ለባጃጅ ልጆች አስቀድሞ መንገር ነው። አመሻሽ ላይ «ቤቴ ልሂድ» ሲሉ «ቤትዎ ይኸው አይደል!» ብሎ መሟገት ያባብሳል፤ «እሺ፣ ሻይ ጠጥተን» ይበቃል። ከቁልፍ ቀጥሎ የሚመጣው ማስተኛ ኪኒን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፦ ፕሮሜታዚን ራሱ አእምሮ ያምታታል፤ ዳያዜፓም ሌሊት ሽንት ቤት ሲነሱ ይጥላል፣ ዳሌ ይሰበራል።

«የእርጅና ወግ» ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት ቁርጡን ተናግሯል፤ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንኳ ያስረሳል፣ እሱም ይታከማል። ሳይመረመሩ «ጃጅተዋል» ማለት ስንፍና ነው።

ደግሞስ «ቤተሰብ» ማን ነው? ይኸው ድርጅት ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው ይላል። እዚህ ደግሞ ወንድሞቿ የጫት በርጫ ላይ ሲሆኑ በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት የምታደርሰው፣ ሌሊት ሦስቴ የምትነሳው አንዲት ልጅ ወይም ምራት ናት። ባህል የሚሉት የእሷን ወገብ ነው። ማራገቢያ ያለውን የቀበሌ አዳራሽ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ክፈቱና አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀምጡበት፤ አረጋውያኑ እዚያ ሲውሉ ልጅቷም ምራቷም ቤቷ ትተኛ። አዳራሹ ስብሰባ ከሌለ እንደሆነ ተቆልፎ ነው የሚውለው።