ይድረስ ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ድረ ገጽ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ሥር፣ ጉሙን ተከናንቤ ደህና ነኝ። ስምህን አልጠራም። አንተም ከስምህ በስተቀር ምንም አልነገርከኝም።

አጎቴ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ዕቃውም ዱቤውም በአንድ ደብተር ተደባልቆ ቢያስቸግረው፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍከውን ማስታወቂያ አይቶ "እስቲ ክፈትልኝ" አለኝ። ከፈትኩህ። ጎግል የገጽ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ ይላል። አንተ እስክትታይ አቦሉ ተቀድቶ ነበር። ምን ተሸክመህ ነው ብል፣ ለካ ከጀርባ ቪዲዮ አለህ፦ የመስታወት ፎቅ፣ ከረባት ያሰሩ ፈረንጆች ሲጨባበጡ። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ላይ አንድ መጋዘን ፎቶ ብታነሳ ምን ነበረበት?

ገና ዓይናችንን ሳንከፍት ደግሞ "ለዜናችን ይመዝገቡ" ብለህ ፊታችን ላይ ተደቀንክ። ወሎ ውስጥ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ኢሜይል አይጠየቅም፤ ግባ፣ ቡና ደርሷል ነው የሚባለው።

ከዚያ በትልልቅ ፊደል "የነገን ዓለም በዛሬ ሶሉሽን እናስተሳስራለን" አልክ። አጎቴ ሁለቴ አስነበበኝ። "እሺ፣ ሚስማር ይቆጥራል ወይ?" አለኝ። ምን ልበለው? ወላሂ እስከ ታች ወርጄ ፈልጌያለሁ። "ዕቃና ዱቤ ይመዘግባል፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፣ በወር ይህን ያህል ብር" ብትል ያልቅ ነበር፤ የሚሠራ ከሆነ ማለቴ ነው። ዋጋ የሚለውን ስነካው "ይደውሉልን" ይላል። ቁጥር ግን የለም።

የፕሮግራሙ ፎቶ ላይ ሒሳብ የሚዘጋው በዲሴምበር ነው። አጎቴ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ጳጉሜንስ የት ጥለሃት ነው?

ቁጥር የሚያስቆጥረው ጌጥህ ደግሞ ኔትወርክ ደክሞት ነው መሰለኝ መነሻው ላይ ቀረና "0+ ደስተኛ ደንበኞች" እንዳለ ቆመ። ሐቅ ያገኘሁብህ እዚያች ጋ ብቻ ነው።

ፎርምህ ግን የጉድ ነው። ስልኩን በ07 ብንጀምር "ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ" አልክ። ሳፋሪኮም እኮ 2015 ላይ ነው ሥራ የጀመረው፣ አልሰማህም? "ስቴት ይምረጡ" ስትለን ደግሞ የአሜሪካን ግዛቶች ከአላባማ እስከ ዋዮሚንግ ደረደርክልን፤ አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ወሎን ፈለጋት፣ አጣት፣ በመጨረሻ ዚፕ ኮድ የሚሉትን የፖስታ ቁጥር ስትጠይቀው ስልኩን መለሰልኝና ሚስማሩን ሊመዝን ተነሳ። አዲስ ደብተር ገዝቷል። ይኼኛው ለዱቤ ብቻ ነው።

አብሽር፣ የሚድን በሽታ ነው። ቪዲዮውን አንሳ፣ የምትሸጠውን በአንድ መስመር ጻፍ፣ ስልክ ቁጥርህን አናት ላይ ስቀል። አራት ቦታ ከተበተኑት "ይጀምሩ"፣ "ይወቁ"፣ "ዴሞ ይጠይቁ"፣ "ያግኙን" ከሚሉት ቁልፎች አንዱን ብቻ አቆይ፣ እሱም ሲነኩት የሚሠራ ይሁን። ፎርሙ ላይ ስምና ስልክ ይበቃል።

መልስህን ላክልኝ፤ ዚፕ ኮድ አልጠይቅህም።