ምስጋና ለሊቀ ቁርጥ

ከአሜሪካ የመጣችው የእህቴ ልጅ "ሥጋ አልበላም" ስላለች ሐሙስ ማታ ቁርጥ ቤት ወሰድናት። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ፣ የተጨነቀ ሰው ጠበል እንደሚወሰደው መሆኑ ነው። ስምንት ሆነን ከበብናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኪሎ ጥሬ ሥጋ፣ አዋዜ፣ ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭና ስምንት ቢላ ተደርድሯል። እሷ የያዘችው አንድ አምቦ ውኃ ብቻ ነው። ሐሳቧን በነፃነት መግለጽ እንደምትችል ተነገራት።

ሰብሳቢው እኔ በሆዴ "ሊቀ ቁርጥ" የምላቸው የቤተሰባችን ታላቅ ነበሩ። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ በጥርሳቸው ያገኙት ነው። የተሰቀለውን ሥጋ ከበር ላይ ሆነው አይተው ሻኛውን፣ ታላቁን፣ ታናሹን፣ ንቅሉን፣ ዳቢቱን አንድ በአንድ ይጠራሉ። በሬው ስለ ራሱ የማያውቀውን እሳቸው ያውቁለታል። ቆራጩን "ከዚያች ጋ… ዝቅ በል… እእ፣ እሷን፣ ከነጮማዋ!" እያሉ ሲመሩት ያየ ሰው፣ ይህ ጥንቃቄ ለሌላም የአገር ጉዳይ ቢውል ብሎ ይመኝ ይሆናል። እኔ አልመኝም። ሁሉም የተጠራበት አለው።

"ልጄ" አሉ ሊቀ ቁርጥ፣ ቢላውን ከአፍንጫቸው ሥር እያሳለፉ፣ "ይኼ ቅጠላ ቅጠል ብቻ መብላት የፈረንጅ አመል ነው። በእኛ ባህል የለም።"

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በቃል ያልደገፍናቸው አፋችን ሙሉ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላድንቃቸው። ሊቀ ቁርጥ አጥባቂ ጾመኛ ናቸው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን፣ ጾመ ነቢያትን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና፣ የሐዋርያትን፣ ነነዌን 3 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ሳይገድፉ ይጾማሉ። እንደ እሳቸው አጥብቆ የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ዕድሜያቸው 68 ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቢደመር ከ30 ዓመት በላይ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ኖረዋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን በልቶ ጨርሶ "በባህላችን የለም" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ተራ ሰው ቢሞክረው አንዷ ቀን፣ ቢያንስ አንዷ ረቡዕ ትዝ ትለዋለች።

ልጅቷ ግን የእናቷ ልጅ ናት፤ ዝም አላለችም።

"ጋሼ፣ በጾም ጊዜ እርስዎስ እንደ እኔው አይደል የሚበሉት?"

"እሱማ ጾም ነው።"

"ምግቡ ግን አንድ ነው።"

"ምግቡ አንድ ነው፤ አበላሉ ይለያል። እኛ ሥጋ እየናፈቀን ነው የምንበላው።"

እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ሽሮ ለብቻዋ ምግብ አይደለችም፤ በናፍቆት ካልተፈተፈተች አትቆጠርም። ቅበላ የሚባለውን ሳምንት ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከተማው ሁሉ ወደማይመለስበት አገር የሚሄድ ይመስል በየሥጋ ቤቱ በር ይሰለፋል። በነጋታው ሥጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ መንጠቆው ባዶውን ይወዛወዛል። ፋሲካ ሌሊት ደግሞ ዶሮ ሳይጮህ ዶሮ ይበላል። ሊቀ ቁርጥ በዚህ መሀል ያሉትን 55 ቀናት "መንገድ" ይሏቸዋል።

መንገዱ ደግሞ እንደ ድሮው ኮረኮንች አይደለም። የጾም ኬክ አለ፤ የጾም ፒዛ አለ፤ የጾም በርገር አለ፤ የጾም ማኪያቶ አለ። ባለፈው ሁዳዴ ሊቀ ቁርጥ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁለት የጾም ማኪያቶ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያው የአኩሪ አተር ወተት፣ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዛ ስትመጣ "የባቄላ ውኃ" ብለው የሳቁበት ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ የእሳቸው ስኳር ነበረው።

ልጅቷ አዲስ አበባ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ አገሩን ተምራለች። ረቡዕ ቀን ማንኛውም ምግብ ቤት ገብታ "የጾም" ካለች በየዓይነቱ ይቀርብላታል፤ ምስር ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ አዚፋው፣ ሱፍ ፍትፍቱ በእንጀራ ላይ እንደ አበባ ተዘርግቶ። ሐሙስ ያንኑ ብትጠይቅ አስተናጋጁ በሐዘኔታ ያያታል። "ዛሬ ፍስክ ነው እኮ እህቴ" ይላታል፣ ቀኑ የጠፋባት መስሎት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት መምጣት እንደሌለባት ደግሞ እኔው መክሬያታለሁ። ያኔ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ጎመን ብትጠይቅ በሥጋ ነው።

ባለቤቴም የበኩሏን ጥራለች። መጀመሪያ ቀን ቀይ ወጥ ሠርታ፣ ሥጋውን አንድ በአንድ እያወጣች "ይኸው አወጣሁልሽ፤ መረቁን ብቻ ብዪ" አለቻት። ሁለተኛው ቀን ዶሮ ሠራች። "ዶሮ ሥጋ ናት እንዴ?" ስትል ከልቧ ነው። ያቺ ዶሮ 12 ብልት ወጥቶላት፣ በሎሚና በጨው ታጥባ፣ ግማሽ ቀን ስታስለቅሰን ውላ በመጨረሻ ከሥጋ መዝገብ ተሰረዘች። ልጅቷ እንቁላሉንም አልበላም ስትል ነው ባለቤቴ ለእህቴ የደወለችው፦ "ልጅሽ ምን ሆና ነው?"

ወደ ቁርጡ ልመለስ። አንደኛው አማቻችን በታሪክ መጣ። ጥሬ ሥጋ የጀግና ምግብ መሆኑን፣ አባቶቻችን በጦር ሜዳ ጭስ ጠላት እንዳያይባቸው ብለው እንደጀመሩት አስረዳ። ታሪኩን እኔም እወደዋለሁ፤ ሠርግ ላይም፣ ልደት ላይም፣ ጠላት በሌለበት በካዛንቺስም ለምን ጥሬውን እንደምንበላ ያብራራል። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር ገብቶ፣ አገሩ ተመልሶ የሐበሻን ጥሬ ሥጋ ሲያወራ፣ በቁሙ ካለ ከብት ላይ ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ሲል፣ የለንደን ሰዎች ቀጣፊ አሉት። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ለንደን ባሉ የእኛ ምግብ ቤቶች ገብተው የሚያዝዙት ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነው። የእህቴ ልጅ እንዳለችው፣ ዋሽንግተን ያሉ ጓደኞቿም ኢትዮጵያን የሚያውቋት በዚሁ ነው። ሊቀ ቁርጥ ይህን ሲሰሙ "ሥጋውን ለእኛ መተዋቸው ነው" ብለው አመሰገኗቸው።

ጤናም ተነሥቷል። "ፕሮቲን ከየት ታገኛለሽ?" ብሎ የጠየቃት አጎቷ ነው፤ የጠየቀውም አንድ እጁን በሪህ ያበጠ የእግር አውራ ጣቱ ላይ አድርጎ ነው። ሐኪሙ ዩሪክ አሲድህ ከፍ ብሏልና ሥጋ ቀንስ አለው፤ እሱም ሐኪሙን ቀየረ። ከዚያ የኮሶ ትል ተነሣ። በዓለም ላይ ጠላትና መድኃኒቱ በአንድ ስም የሚጠሩበት ሌላ አገር ካለ ይነገረኝ። ትሉ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል፤ ዛፉ ያሽረዋል፤ ሁለቱም ኮሶ ናቸው። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ እየጠጡት "ዛሬ ኮሶዬን ጠጥቻለሁ" ማለት ከሥራም ከችሎትም የሚያስቀር በቂ ምክንያት ነበር። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ክኒን አለ። ሊቀ ቁርጥ ግን ክኒኑንም ዛፉንም አይፈልጉም፤ "አረቄ ይጨርሰዋል" ይላሉ። ትሉ አስተያየቱን አልሰጠም።

"ዋናው ነገር" አለ አማቻችን፣ "ሥጋ አንድ ያደርገናል።" ይህም እውነት ነው፤ ስምንታችን አንድ ነበርን። የእኔ መሥሪያ ቤት ግን ትንሽ ያስቸግራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ምሳ አብረን ነው የምንወጣው፤ ሥጋ ከታዘዘ ግን ከሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ነው ጨረቃ ተብሎ ተጠይቆ ትሪው ሁለት ይሆናል። ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንጎርሰው የጾም በየዓይነቱ የመጣ ቀን ብቻ ነው። ይህን ጠረጴዛው ላይ አላነሣሁትም። ደስ የሚል ምሽት ነበረ።

ይልቅ ያነሣሁት የጎረቤታችንን የእማማን ጉዳይ ነው። አገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ ከአፍሪካ አንደኛ ነን። እማማ ግን ካለፈው ፋሲካ ቅርጫ ወዲህ ሥጋ በአፋቸው አልዞረም። የሰፈራችን ሥጋ ቤት ኪሎው አራት አሃዝ ከገባ በኋላ በዚያ በኩል ሲያልፉም ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጋሉ። እሳቸውን ማንም ቁርጥ ቤት ወስዶ ከቦ የመከራቸው የለም፤ "ፕሮቲን ከየት ያገኛሉ?" ያላቸውም የለም። ለምን ብዬ ሊቀ ቁርጥን ጠየቅኋቸው።

ቢላቸውን አስቀመጡ። ያን ምሽት ቢላ ሲያስቀምጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"እማማ እኮ አጥተው ነው" አሉኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኛም ስንጾም እግዜር ከልክሎን ነው። ይቺ ግን…" ወደ ልጅቷ በአገጫቸው ጠቆሙ፣ "ገንዘብ እያላት፣ ቀኑ ፍስክ ሆኖ፣ ማንም ሳይከለክላት! በገዛ ፈቃዷ!"

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" እያለ ላደገ ሕዝብ፣ ያወጣውን ምንቸት ወዳ የምታስገባ ልጅ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ። ልጅቷ አምቦ ውኃዋን ጎንጨት አለች።

ሊቀ ቁርጥ ስልካቸውን አይተው ደነገጡ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን 12 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ዓርብ ሊገባ ነው። አስተናጋጁን በጭብጨባ ጠሩት።

"ቶሎ በል፣ ግማሽ ኪሎ ጨምርልን፣ ከሻኛው።"

"እሺ ጋሼ።"

"ደግሞ ስማ፣ ነገ ምሳ ስድስት ሰው ሆነን እንመጣለን፤ በየዓይነቱ አዘጋጁልን። ቅቤ የነካው ድስት እንዳይሆን።" አስተናጋጁ ሊሄድ ሲል እጁን ያዙት። "ሽንኩርቱንም ሥጋ በቆረጠ ቢላ እንዳትከትፉት፤ እኔ ሽታውን አልችልም።"