ቡፌው እንዳዘዘው

በእኛ ሳሎን ስፒከር የሚቀመጠው ሊታይ እንጂ ሊሰማ አይደለም። አንዱ ቡፌው ላይ ይሰቀላል፤ ሁለተኛው ገመዱ አልደርስ ስላለው ከሶፋው ጀርባ መሬት ይይዛል። ዳንቴል ይለብሳሉ፤ የፕላስቲክ አበባም ይጫንባቸዋል። እንግዲህ ዘፋኟ ከጣሪያ ስታንጎራጉር ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ከሶፋ ሥር ይመልስላታል።

ሜትር ያለው ሰው ነገሩን በአንድ ከሰዓት ያስተካክለዋል። ሁለቱን ስፒከሮች 2 ሜትር ካራራቃችኋቸው፣ የአድማጩም ጭንቅላት ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ይራቅ። ለአንዱ 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ የቀረበ ሰው፣ የቀረበው ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ስለሚደርሰው ዘፋኟ ከመሀል ተነስታ ወደዚያ ትሄድበታለች። ትዊተሯ፣ ማለትም ትንሿ ክብ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ትሁን፤ ከወለል 90 ወይም 100 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደዞረበት ነው የሚሄደው። ቡፌ ላይ ያለው ስፒከር የሚዘፍነው ለቆመ ሰው ነው፤ ከረከቦቱ ጋር ዝቅ ብላ ቡና ለምታፈላዋ የሚደርሳት ዱም ዱሙ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥግ ነው። ጥግ የተወሸቀ ስፒከር ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች ቤዙን እያነጠሩ ያሳብጡለታል። ባለቤቱ «ቤዙን ስማው!» ይላል። ምኑን ይሰማል? 4 ሜትር የሚረዝም ሳሎን በተለይ 43 ኸርዝ (በሰከንድ 43 ንዝረት) አካባቢ ያለውን ወፍራም ድምፅ አጉልቶ ስለሚያስጮኸው፣ ትዝታውም ጭፈራውም አንድ ዓይነት ይደልቃል። ስፒከሮቹን ከግድግዳ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ነው። ሶፋውም እንደዚያው፤ ከግድግዳ የተለጠፈ አድማጭ ያው እብጠት ያገኘዋል። ችግሩ፣ ሶፋ ከግድግዳ የሚላቀቀው ለዓውዳመት ጽዳት ብቻ መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራት፤ ከመቀመጫችሁ ትዊተሯ የምትታይበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣባችሁ ነው። እዚያ ወፍራም ጨርቅ ይሰቀል። ብዙውን ጊዜ ግን እዚያው ላይ በመስታወት የተለበጠ የምርቃት ፎቶ አለ። ማን ደፍሮ ያወርደዋል?

ቤዙ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ገመዱን እዩ። በአንደኛው ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ከተቀያየሩ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ይጠፋፋሉ። መሞከሪያው ዜና ነው፤ አንባቢው ከሁለቱ መሀል፣ ከቡፌው ብርጭቆዎች ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ከመሰላችሁ ተሳክቷል።

ይህ ሁሉ ተለክቶ የሚገኘው ግን አንድ መቀመጫ ነው፤ የባለ ሦስቱ ሶፋ መሀል። እንግዳ ሲመጣ የማን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

«ጋሼ፣ ኧረ ከፍ ይበሉ!»

«ግዴለም፣ እዚሁ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

ከብዙ ግብግብ በኋላ ጋሼ በሜትር የተለካው ቦታ ላይ ይሰየማሉ። ዘፋኟ ፊት ለፊታቸው የቆመች ያህል ሆናለች፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል።

«እስቲ ቀንሱልን፣ እናውራበት» ይላሉ። ይቀነሳል። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ወደ ላይ ይዘው፣ ማታ የተላከላቸውን ቪዲዮ ይከፍታሉ።