ይህ ጆሮ ይባረክ

በዓለም ላይ እንደ እኛ እንደ ክርስቲያን ወጣቶች የተሳለ ጆሮ ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህን የምለው ባዳ ሆኜ አይደለም። ያደግኩት መዘምራን ውስጥ ነው። ጋውን ለብሻለሁ፤ ሞንታርቦ ተሸክሜያለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በጭብጨባ ዘምሬያለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬ የቤት ልጅ ምስጋና ነው።

ይህ ጆሮ ዘፈን ይለያል። ከሦስት ቤት ማዶ ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ድምፃዊው ገና አፉን ሳይከፍት፣ በመግቢያው ብቻ "ይሄ ዓለማዊ ነው" ብሎ ይፈርዳል። መዝሙር ላይ ሳክስፎኑ ትንሽ ከረዘመ "መንፈሱ ልክ አይደለም" ይላል። ምቱ ቺክቺካ ከሆነ ይጠረጥራል። ቤዝ ጊታሩ ከጮኸ ሽማግሌዎች ይሰብሰቡልኝ ይላል። ሌላው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ዓመታት የሚለፋበትን ዕውቀት እኛ ዳግም በተወለድን ማግስት ተቀብለነዋል።

በቅርቡ ከመገናኛ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ይህ ጆሮ ሥራ ላይ ሆኖ አየሁት። ከፊቴ አንድ ወንድም ተቀምጧል። ዚፕ ባለው ሽፋን ውስጥ ያለ መጽሐፍ ቅዱስ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ታክሲው ገና ከመነሣቱ ረዳቱን ጠራው።

"ወንድሜ፣ እባክህ ዘፈኑን ዝጋልን።"

"ብሮ፣ ዘፈን አይደለም። የሳሙና ማስታወቂያ ነው።"

"ቢሆንም።"

ይህቺ "ቢሆንም" እንዴት አንጀቴን እንዳራሰችው! ሬዲዮው ተዘጋ። ወንድማችን እፎይ ብሎ ስልኩን አወጣና ፌስቡክ ከፈተ። በትከሻው በኩል አየሁ። (ነውር ነው፤ ግን ታክሲ ውስጥ የሰው ስልክ የማያይ ማን አለ?) አንዱ ስለ አንድ ሕዝብ ጽፏል። ሕዝቡን የጠራው በእንስሳ ስም ነው። "ከሥሩ ካልተነቀለ" የሚል ነገርም አለበት። ወንድማችን እስከ መጨረሻው አነበበው። ልብ ሰጠው። "አሜን" ብሎም ጻፈበት። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ማንጎራጎር ጀመረ። መዝሙር ነው እንግዲህ። ድምፁም ጥሩ ነበር።

የሳሙና ማስታወቂያ ያላለፈበት ጆሮ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ የሚል ካለ ገላትያ ምዕራፍ 5ን ይክፈት። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋ ሥራ የሚላቸውን ይዘረዝራል። በቆየው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ስንቆጥራቸው 16 ናቸው። ዝሙት ብሎ ይጀምርና ዘፋኝነት ላይ ያበቃል። እኛ ታዲያ ይህን ዝርዝር የምናነብበት ብልሃት አለን። ዝሙት ላይ ትንሽ እንቆማለን፤ የወጣቶች ፕሮግራም ነዋ። ጣዖትና ምዋርት የሌላ ሰው ችግር ናቸው። ከዚያ ጥል ይመጣል። ክርክር፣ ቅንዓት፣ ቁጣ፣ አድመኛነት፣ መለያየት፣ መናፍቅነት፣ ምቀኝነት፣ መግደል። እነዚህን ዘጠኙን እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሳንቆም እናልፋቸዋለን። እዚያ የሚወርድ ተሳፋሪ የለንም። ስካር ላይ ፍጥነት እንቀንሳለን። ዘፋኝነት ስንደርስ ግን መናኸሪያው ነው፤ ሁላችንም እንወርዳለን፣ ሻንጣ እናወርዳለን፣ ስብከት እንጀምራለን።

ስለ አድመኛነት የተሰበከ ስብከት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላጋጠመኝም። ስለ ዘፋኝነት የተሰበከውን ግን ከነቀልዱ በቃሌ እወጣዋለሁ።

የሠርጋችንን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆናል። የአማኝ ሠርግ ላይ ዘፈን የለም። ዜማው የወሎ ሊሆን ይችላል፤ ምቱ የጉራጌ ወይም የወላይታ ሊሆን ይችላል፤ ግጥሙ ግን የጌታ ነው። ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እስክስታ አይደለም፤ በጌታ ደስ መሰኘት ነው። ሚዜዎቹ እግራቸው መሬት አይነካም። ጭፈራ አይደለም፤ ሽብሸባ ነው። ሁልጊዜ አንድ ያላመነ አጎት አይጠፋም። ጥግ ይዞ ለስላሳውን እየጠጣ "ታዲያ ይሄ ከኛው በምን ተለየ?" ይላል። ጋሼ፣ በጆሮ ነዋ! እርስዎ ጋ የለም።

በነገራችን ላይ ይህ ሠርግ ገና ሲታሰብ የሙሽራዋ ቤተሰብ መጀመሪያ የጠየቀው "ልጁ ጌታን ያውቃል ወይ?" ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ "የየት አገር ልጅ ነው?" የሚል ነው። የሁለቱ መልስ ካልተስማማ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። ለዚህ ጥቅስ አያስፈልግም።

ጴንጤው ብቻ የተባረከ እንዳይመስላችሁ። ኦርቶዶክስ ጓደኞቼም ጆሮ አላቸው። የእነሱ እንዲያውም በቅዱስ ያሬድ የተቃኘ ነው፤ ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ሲለይ የኖረ። መዝሙር ውስጥ ኦርጋን ሾልኮ ቢገባ ወዲያው ይነቃሉ። የበገናውን አውታር 10 መሆኑን ቆጥረው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ስልካቸውን ሲከፍቱ ያው ፌስቡክ፣ ያው "አሜን" ነው። ለዘመናት በጉባኤ ያልተሳካው የአብያተ ክርስቲያናት አንድነት በዚህ በኩል ተሳክቷል።

ውቅያኖስ የተሻገሩት ወገኖቻችንም ጆሯቸውን ይዘው ነው የሄዱት። ሜሪላንድ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልክ ኅብረት "ድራሙ በዛ" ብሎ ይወያያል፣ ይጸልያል፣ ይስማማል። ለሁለት የሚከፈለው ቅዳሜ ዕለት ማን የቱን ባንዲራ ይዞ ሰልፍ እንደወጣ በታወቀ ጊዜ ነው።

"እኔ ፖለቲካ አልወድም" የምንላት ነገርም ምስጋና ይገባታል። ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ብለው ነው ያሳደጉን። እኛም በሩቁ ነን። ከሩቅ ሆነን ነው አንዲት ነገር ሳታመልጠን የምንከታተለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ባለሥልጣን መድረካችን ላይ ሲወጣ ቆመን እናጨበጭባለን፤ ይህ አክብሮት እንጂ ፖለቲካ አይደለም። ፖለቲካ የሚሆነው አንዱ ተነሥቶ "ስለ ታሰሩ ሰዎች እንጸልይ" ያለ እንደሆነ ነው።

የጥቅስ አመራረጣችን ደግሞ ለብቻው ጭብጨባ ይገባዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የእኛ ከሆነ ሮሜ 13 ይወጣል፤ ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ። የእነሱ ከሆነ የሐዋርያት ሥራ 5 ይወጣል፤ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል። መንግሥት ሲለወጥ ሁለቱ ወገኖች ጥቅስ ይለዋወጣሉ። ያለ ደላላ።

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በ2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የታየው ነገር አይረሳኝም። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሐዋርያዊት ናት። በሥላሴ ትምህርት ከአብዛኞቻችን ጋር አትገጥምም፤ "ኦንሊ ጂሰስ" እያልን ስንርቃት ነው የኖርነው። ሹመቱ ሲሰማ ግን ከመካከላችን "የእኛ ሰው ገባ" ያለው ጥቂት አልነበረም። የሥላሴ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ። በ2010 ዶክተር ዐቢይ አህመድ ሲመጡ ቀጠሮም አላስፈለገ።

እዚህ ላይ ስለ ቀደሙት ወገኖቻችን ትንሽ ማዘን አለብኝ። ይህን ብልሃት ሳያውቁት አለፉ። ጋሽ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። መዝሙሮቻቸው በካሴት እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ያኔ ጭንቁ ካሴቱ እንዳይያዝ ነው፤ ስለ ምቱ ኮሚቴ የሚሰበስብ ጊዜ አልነበራቸውም፣ ያሳዝናሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ወንጌል ነፍስን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ሙሉውን ይመለከተዋል ብለው ያስተምሩ ነበር። በሐምሌ 1971 የደርግ ሰዎች አፍነው ወሰዷቸው። ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ምን ነበረበት ሮሜ 13ን ጠቅሰው ቢተኙ? ወይም ስለ ጊታር ቢሰብኩ? ስለ ጊታር ሰብኮ የታፈነ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የእኛ ትውልድ ይህን ትምህርት ወስዷል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ሲጀመር የወጣቶች ፕሮግራማችን አንድ ከባድ ርእስ ይዞ ነበር፤ ራፕ መዝሙር ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም? ለሳምንታት ተከራከርን። ጥቅስ ተደረደረ። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ምቱ ምን ዓይነት እንደነበር ሳይቀር ተጠየቀ። መዘምራን ውስጥ አንዲት የትግራይ ልጅ ነበረች፤ ሶፕራኖ። እናቷ መቀሌ ናቸው። ስልክ ተቋርጧል። አንድ ቀን የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ "ስለ እናቴ ጸልዩልኝ" አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ፕሮግራም መሪያችን የተባረከ ልጅ ነው፤ "እህቴ፣ ስለ አገራችን ባጠቃላይ እንጸልያለን" አላት። ባጠቃላይ ጸለይን። ከዚያ ወደ ራፑ ተመለስን።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም የራፑ ነገር ገና አልተቋጨም ነበር። ልጅቷ ከዚያ በፊት መምጣት ትታለች። ሶፕራኖው መሳሳቱን መጀመሪያ የታዘበው ኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው። ጆሮ ማለት እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም የእኛን ዓይነት ኅብረት ያውቃል። 1ኛ ነገሥት 22 ላይ ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ሊወጋ አሰበና 400 ያህል ነቢያት ሰበሰበ። ልሂድ ወይስ ልቅር አላቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ውጣ አሉት። እንዲህ ያለ ኅብረ ድምፅ ያለ ብዙ ልምምድ አይገኝም። አንደኛው፣ ሴዴቅያስ የሚባለው፣ የብረት ቀንድ ሠርቶ ሁሉ መጥቷል፤ ለማድመቂያ መሆኑ ነው። ይህን የመሰለ ዝማሬ ያበላሸ አንድ ሚክያስ ነበር። በጥፊ ተመታ። ታሰረ። ንጉሡ ወጣ፤ በሕይወት አልተመለሰም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ 400ዎቹ በሳምንቱ ሌላ ኮንፍረንስ ነበራቸው። ፖስተር ሁሉ ይለጠፍ ነበር።

እንደ ሚክያስ ዓይነት ሰው በመካከላችን እንዳይበቅል ታዲያ የመዝሙር ገምጋሚ ኮሚቴ አለን። በቀደም አንድ የኳየራችን ልጅ አዲስ መዝሙር ይዞ ቀረበ። በትዝታ ቅኝት ነው የሠራው። ክራሩን አስተካክሎ ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ፦ "የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ ዘንድ አርቅ፤ የመሰንቆህንም ዜማ አላደምጥም። ነገር ግን ፍርድ እንደ ውኃ፣ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ይፍሰስ።"

ኮሚቴው በጥሞና ሰማ። ዜማው ተወደደ። ምቱ ግን ትንሽ ይረጋጋ ተባለ። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አጥልቀው ግጥሙን እንደገና አዩት።

"ልጄ፣ ይሄ ፍርድ ምናምን የሚለው ፖለቲካ አይሆንብንም?"

"ጋሼ፣ እንዳለ ነው ያመጣሁት። የጨመርኩት የለም።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"አሞጽ።"

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው አቀረቀረ።

"አሞጽ... የት ነው የሚያገለግለው?"

"ቤቴል ነበር ጋሼ። በኋላ ወደ አገርህ ሂድ ብለው አባረሩት።"

"አገሩ የት ነው?"

"ቴቁሔ።"

ኮሚቴው እርስ በርስ ተያየ። ቴቁሔ በየት በኩል እንደሆነ፣ ከነማን ወገን እንደሚቆጠር የሚያውቅ አልተገኘም። የአሞጽ ማንነት እስኪጣራ ድረስ መዝሙሩ በይደር ተይዟል።