ሌሊቱ ሰላም ነበር

የአዳር ተረኛው ለቀን ተረኛዋ መዝገቡን ሲያስረክብ የጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ሌሊቱ ሰላም ነበር።» ከጀርባው ያለው ሶፋ ሦስት እግር ቀርቶታል። የኮሪደሩ መብራት የለም። የሸሚዙ አንድ እጅጌ የት እንደገባ አይታወቅም። ቀን ተረኛዋ መስመሩን አነበበች፣ ሶፋውን አየች፣ ፈረመች። ከዚያ «የዘወትሩ ሰላም ነው ወይስ የሐሙሱ?» አለች።

«የሐሙሱ።»

በቃ፣ ርክክብ ተፈጸመ። የቀረው በክስተት ሪፖርቱ ላይ አለ፤ እዚያ ደግሞ «ወጣቱ ስሜቱን በሶፋው በኩል ገልጿል» ተብሎ በጨዋ ቋንቋ ሰፍሯል።

ከቤት፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከሕግ ጋር የተጣሉ ወጣቶች በሚኖሩበት ማዕከል የምንሠራ ሰዎች የምንግባባው እንዲህ ነው። የውጭ ሰው «እንዴት ደስ ይላል፣ ልክ እንደ ቤተሰብ ናችሁ!» ይለናል። እውነቱን ነው። እንደ ቤተሰብ በወንበር እንጣላለን፣ እስክሪብቶ እንሰራረቃለን፣ አርፍዶ የመጣ ተረኛን እናኮርፋለን። ቀኑን ሙሉ «ስሜትህን በቃል ግለጽ» ስንል የምንውለው እኛ፣ እርስ በርስ የምንነጋገረው በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ «ማተሚያው ውስጥ ወረቀት ጨርሶ የሄደ ሰው ራሱን ያውቃል!»

ማን ከማን እንደተኳረፈ ሥራ አስኪያጁ የሚሰማው በወሩ መጨረሻ ነው። ልጆቹ ግን ገና በር ስንከፍት ያውቁታል። ለእትዬ «ጋሼ ስልክ እንድደውል ፈቅደውልኛል፣ እርስዎን ብቻ አስፈቅድ ብለውኛል» ይላል አንዱ። ወደ ጋሼ ይዞርና ያንኑ በእትዬ ስም ይደግመዋል። ጋሼና እትዬ ተኳርፈው ከሆነ ልጁ በሁለት ፈቃድ ሲደውል ያመሻል። ስለዚህ እዚህ ቤት ኩርፊያ ቅንጦት ነው። የሁለት ሰው ዕርቅ በሽማግሌ ሳይሆን በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ተንኮል ሲፈጸም ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ስለ ቅጽል ስማችንማ አናንሣው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በሙያው ታሪክ ውስጥ የታወቀ ኦስትሪያዊ መምህር አለ፤ አውጉስት አይሽሆርን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ኦበርሆላብሩን በተባለ ቦታ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ማዕከል ከፈተ። በጣም ጠበኞቹን በአንድ ቡድን ሰበሰበና ሠራተኞቹን «አትቆጡ፣ አትቅጡ፣ አደጋ ካልመጣ አትግቡ» አላቸው። ልጆቹ መስኮት ሰበሩ፣ ዕቃ አደቀቁ፤ ቁጣው እየናረ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ረገቡ። ታሪኩ የሚተረከው የአይሽሆርን ብልኃት ተብሎ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መስኮቱ ሲረግፍ እጃቸውን አጣጥፈው የቆሙት ሠራተኞች ናቸው። ማታ ብቻቸውን ሲቀሩ ስለ አለቃቸው ምን ይባባሉ ነበር? ያንን የመዘገበ የለም። እኛ ግን ቃል በቃል መገመት እንችላለን።

እኛም ዘንድ አለመቆጣት ግዴታ ነው፤ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ለዚህ የተፈለሰፈ ዘዴ አለ። ባልደረባህ ከልጅ ጋር ተፋጦ ጆሮው መቅላት ሲጀምር ጠጋ ትልና «ስልክ ተፈልገሃል» ትለዋለህ። ስልክ የሚባል ነገር የለም። ትርጉሙ «ውጣ፣ ተንፍስ፣ እኔ አለሁ» ነው። ካስተዋላችሁት፣ የማዕከሉ ወዳጅነት በሙሉ ያለው በዚህች ሁለት ቃል ውስጥ ነው፤ ሰውየው ያለ ክርክር መውጣቱ፣ በእሱ ቦታ የገባውም ኋላ አለማውራቱ። እርግጥ ነው አንዳንዱ በቀን ብዙ ጊዜ «ይደወልለታል»፤ እሱን ሚኒስትር ነው የምንለው። ችግሩ ልጆቹ መንቃታቸው ነው። አንድ ቀን ሁለት ሠራተኞች በፈረቃ ድልድል ኮሪደር ላይ ሲጯጯሁ፣ ከክፍሉ አንገቱን ያወጣ ልጅ በታላቅ ትሕትና «ጋሼ፣ ስልክ ተፈልገዋል» አለ። ጋሼም ሄደ። ምን ያድርግ?

አስተዳደሩ በበኩሉ ወዳጅነታችንን ለማጠናከር በየጊዜው ሥልጠና ያዘጋጃል። አሠልጣኙ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ኋላ ውደቁ፣ ጓደኛችሁ ይይዛችኋል ይላል። በአየር ላይ የመጣ ወንበር ለጓደኛው የያዘን ሰው ነው እንዲህ የሚያስጨፍነው! ደግሞም በሥራችን ዓይን መጨፈንና ጀርባን ለክፍሉ መስጠት የሚከለከሉ ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አልወደቀም፤ ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን በሩን ስናይ ቆየን። «የመተማመን ችግር አለባችሁ» ተብሎ ተጻፈብን።

ድካም የሚባለውንማ አስተዳደሩም አይክድም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በነጻ ክሊኒክ ሲያገለግል በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ያየውን በሥራ ጫና ተቃጥሎ ማለቅ (በርንአውት) እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎበታል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስም ስላለው ፖስተርም አለው። የእኛ ፖስተር «ራሳችሁን ተንከባከቡ» ይላል። የተለጠፈው ከፈረቃ ሰሌዳው በላይ ነው፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ሰው አዳር ሠርቶ በዚያው የቀን ተረኛ ሆኖ ይውላል።

ከመካከላችን አንዱ በየወሩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። እኛም እናርምለታለን። አንዷ «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን ትሰርዛለች፣ ሌላው ይመልሰዋል፤ ሚኒስትሩ ስለ ሶፋው አንድ አንቀጽ ይጨመር ይላል። ደብዳቤው ከዓመት ዓመት እያማረ ሄዷል። ቀኑ ብቻ ክፍት ነው። ሊያስገባው ሲነሣ ሰሌዳውን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና «ቅዳሜ አዳር ከማን ጋር ነኝ?» ይላል። ይነግሩታል። «እሷን ብቻዋን ልተዋት?» ይልና መሳቢያውን ይከፍታል፤ «ለማንኛውም ሦስተኛው አንቀጽ ገና አልጠነከረም።»